የአያትሽ ጊታር ስንት ኪሎ መሸከም ትችላለች?

«ጋሼ፣ አያቴ ሲያርፉ አንዲት ትንሽ አሮጌ ጊታር ደረሰችኝ። አንገቷ ከሆዷ ጋር የሚገናኘው 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ላይ ነው። ራሷ እንደ ክላሲካል ጊታር ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት። ክሮቹ የሚያዙት ግን ብሪጁ፣ ማለትም ፊቷ ላይ የተጣበቀው የክር መያዣ እንጨት፣ ላይ በተሰኩ ትንንሽ ችካሎች ነው። ከብሪጁ ኋላ ፊቷ ትንሽ አብጧል። ክሮቹም ከፍ ስላሉ ጣቴን ያሙኛል። ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬ ‹12 ቁጥር የብረት ክር አድርጊላት፣ ድምጿ ይከፈታል› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ዕድሜዋን ጨርሳለች፣ ግድግዳ ላይ ስቀያት› ይላል። ማንን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስሚ። አንደኛው ምክር ጊታሯን ይሰብራታል። ሁለተኛው ደግሞ ድምጿን ይነጥቃታል። ይህቺ ዕቃ ለመጫወት የተሠራች ናት፣ በደንብ ትጫወቺባታለሽ ብዬም አምናለሁ። መጀመሪያ ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ስትሠራ ስንት ኪሎ እንድትሸከም ታስባ ነበር? እሱ እስኪታወቅ ድረስ ዛሬውኑ ክሮቹን አላልተሽ አስቀምጫት። ሙሉ በሙሉ አታውልቂያቸው፤ ቅኝቱ እስኪወርድ ብቻ ይላሉ።

የነገርሽኝ ሁሉ የፓርለር ጊታር ምልክት ነው። ስሙ የመጣው ከእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ለቤተሰብና ለእንግዳ የሚጫወቱባት ትንሽ ጊታር ነበረች። ማይክሮፎን የለም፣ ከበሮ የለም። ሰሚው ሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ክሮቹ ደግሞ በአብዛኛው ከበግ አንጀት የተሠራ ጅማት ነበሩ። የብረት ክር በሰፊው የገባው ኋላ ነው። ለምሳሌ ማርቲን የተባለው የታወቀው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ፣ ለብረት ክር ተብሎ የተሠራ ጊታር የመደበኛ ምርቱ አካል ማድረግ የጀመረው በ1922 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በፊት የተሠሩት ትንንሾቹ ጊታሮቹ በአብዛኛው የጅማት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ኪሎው እንምጣ። ጓደኛሽ ያለሽ 12 ቁጥር፣ ማለትም ቀጭኗ ክር የኢንች 12 ሺህኛ ውፍረት ያላት ስብስብ፣ በተለመደው ቅኝት ስትወጠር ስድስቱ ክሮች በድምሩ 73 ኪሎ አካባቢ ይጎትታሉ። የናይለን ክር ስብስብ ግን 40 ኪሎ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ጅማትም ከናይለን ብዙም አይርቅም። ልዩነቱን አየሽው? የአሮጌ ጊታር የፊት እንጨት ብዙ ጊዜ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከሥሩ የሚደግፉት ማገሮችም እርሳስ የሚያህሉ ቀጫጭን ናቸው። የአንድ ልጅን ክብደት እንዲችል የተሠራ ነገር ላይ አንድ ሙሉ ሰው ቀንና ሌሊት ማንጠልጠል ማለት ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን ይችላል። ዓመት ሲቆይ ግን ፊቱ ያብጣል፣ አንገቱ ወደፊት ይሰግዳል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል። ያንቺ ጣት ሕመም ምክንያቱ ምናልባት ይኸው ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የጊታር ጥገና ሥራ ስጀምር አንዲት የቆየች ትንሽ ጊታር እጄ ገባች። ብሪጇ እንዳንቺው ጊታር ባለ ችካል ነበር። «ችካል ያለው የብረት፣ ክር የሚቋጠርበት የናይለን» የሚል ነገር ሰምቼ ስለነበር ሳላመነታ የብረት ክር አደረግሁባት። ድምጿ አስደሰተኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ተጫወትኩባት። አንድ ሌሊት ተኝቼ ሳለ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ብሪጁ በክሮቹ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ከፊት እንጨቱ ቀጫጭን ሰበዝ የመሰሉ ቃጫዎች ነቅሎ ይዞ ወጥቷል። ጠገንኳት፣ ዛሬም ድረስ አለች። ጠባሳው ግን አልጠፋም። እኔም ከዚያ ወዲህ ክር ሳላስብ አድርጌ አላውቅም።

ስለዚህ ችካሉ እንዳያታልልሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማት ጊታሮች ላይ ባለ ችካል ብሪጅ የተለመደ ነበር። የጅማቱ ጫፍ ይቋጠርና ቀዳዳው ውስጥ በችካል ይያዛል። የተሻለ የሚናገረው ሳድሉ ነው፣ ብሪጁ ላይ የተተከለችው ነጭ አጥንት። ቀጥ ብላ ከብሪጁ ጋር እኩል ከተኛች ጊታሯ ለጅማት የመሠራቷ ዕድል ሰፊ ነው። በወፍራሙ ክር በኩል ወደ ኋላ ዘንበል ካለች ለብረት ክር የታሰበች ወይም በኋላ የተስተካከለች ልትሆን ትችላለች። ብረት ክር ላይ ያ መዘንበል ከሌለ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ስትወጪ ቅኝቱ ይሳሳታል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በርካሽ የተሠሩ የብረት ጊታሮችም ቀጥ ያለ ሳድል ነበራቸውና።

ትክክለኛው መልስ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው። ስልክሽን ያዢና ካሜራውን በድምፅ ቀዳዳው አስገብተሽ ወደ ብሪጁ አቅጣጫ ቪዲዮ ቅረጪ፣ መብራቱንም አብሪው። ከፊት እንጨቱ ሥር ያሉት ማገሮች እንዴት ተደርድረዋል? እንደ መሰላል ደረጃ አግድም ብቻ ከሆኑ በብዛት በፋብሪካ ከተመረቱት አንዷ ልትሆን ትችላለች። ቺካጎ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉትን በገፍ ሠርተው በፖስታ ካታሎግ ጭምር ይሸጡ ነበር። ብዙዎቹ በርች ከሚባል እንጨት ተሠርተው ሮዝውድ የሚባለውን ውድ እንጨት እንዲመስሉ ቀለም የተቀቡ ናቸው። አንዳንዶቹ ከመጀመሪያውም የብረት ክር ይዘው ነው የወጡት። እንዲህም ሆኖ መሰላሉ ለመታጠፍ ቅርብ ነው። ማገሮቹ እንደ መስቀለኛ ምልክት ከተሻገሩ ደግሞ አሠራሩ የማርቲን ወይም የማርቲንን መንገድ የተከተለ ሠሪ ነው። ይህ መስቀል በ1840ዎቹ ለጅማት ጊታር የመጣ ነው። ለዚያም ነው መስቀሉን አይቶ ብቻ «ብረት ይችላል» ማለት ስህተት የሚሆነው። የማገሮቹ ውፍረት ይወስናል።

ሆዷ ውስጥ ሳለሽ ማኅተም ካየሽ ጻፊልኝ። አንድ የሚያስደስተኝን ነገር ልንገርሽ። ማርቲን ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥራውን ፔንስልቬንያ ውስጥ ናዝሬት ወደምትባል ከተማ ቢያዛውርም፣ እስከ 1898 ድረስ ማኅተሙ ላይ የሚነበበው ኒው ዮርክ ነበር፤ ሽያጩ በዚያ በኩል ስለነበር። ተከታታይ ቁጥር መምታት የጀመረውም በዚያው በ1898 ነው። ስለዚህ ኒው ዮርክ የሚል ማኅተም ኖሮ ቁጥር ከሌለ አትደንግጪ። እንደዚያ ከሆነ እጅሽ ያለችው በጣም የከበረች ዕቃ ናት። ያለ ባለሙያ ምንም አትንኪባት።

ቀጥሎ ሦስት ነገር መርምሪ። ክሮቹን መጠነኛ ውጥረት ላይ መልሻቸው። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ወረቀት ያዢና በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ለማሾለክ ሞክሪ። ወረቀቱ ከገባ ብሪጁ መላቀቅ ጀምሯል፣ ክር መወጠር ይቁም። ሁለተኛ፣ የፊት እንጨቱን በጣትሽ አንጓ በቀስታ እየነካካሽ በዙሪያው አንኳኪ። ጤነኛው ቦታ እንደ ትንሽ ከበሮ ይመልስልሻል። የተላቀቀ ማገር ያለበት ቦታ ግን ይንቀጫቀጫል። አንዴ ከሰማሽው አትስቺውም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፈልጊ። በሦስተኛውና በአራተኛው ክር መካከል ፍሬቶቹ ላይ አስተኚና ወደ ብሪጁ ግፊው። የማስመሪያው ጫፍ ብሪጁ አናት ላይ ከተቀመጠ ወይም ለጥቂት ከበላዩ ካለፈ የአንገቷ አቀማመጥ መልካም ነው። የብሪጁን ፊት ከመታና ከአናቱ በታች ከቆመ አንገቷ ወደፊት ሰግዷል። በላክሽልኝ ፎቶ እንዳየሁት ፊቷ ያበጠው በመጠኑ ነው። ትንሽ እብጠት በዚህ ዕድሜ ያለ ነገር ነው፣ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከድምፅ ቀዳዳው በኩል ፊቱ ሰምጦ ከኋላ ካበጠ ግን ማገር ለቋል ወይም ብሪጁ እየተገለበጠ ነው።

ስለ ክር ምክሬ እንዲህ ነው። ሳድሏ ቀጥ ያለች፣ ማገሯ ቀጭን ከሆነች ናይለን አድርጊላት። ባለ ችካል ብሪጅ ላይ ናይለን መግባት ይችላል። ጫፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቋጥረሽ፣ ወይም ጫፋቸው ላይ ኳስ ያላቸውን የናይለን ክሮች ገዝተሽ ትጠቀሚያለሽ። ለብረት የተሠራች መሆኗ ከተረጋገጠና ማገሮቿ ከያዙ ደግሞ ሐርና ብረት የተቀላቀለበት ስብስብ አለ፤ ውጥረቱ 50 ኪሎ አካባቢ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ጊታር ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ጣትም አይጎዳም። ንጹሕ የብረት ድምፅ ካማረሽ 10 ቁጥር ይበቃል። እሱንም ቢሆን አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ቃኚው። አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ማለት ውጥረቱን በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። 60 ኪሎ የነበረው ወደ 48 ይወርዳል ማለት ነው። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብትይ እንኳ 11 በመቶ ይቀንስልሻል። ከዘፈኑ ጋር መግጠም ካለብሽ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንገቱ ላይ ጨብጦ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ) አስሪ።

12 ቁጥርን እርሺው። «ድምጿ ይከፈታል» ያለው ጓደኛሽ ውሸቱን አይደለም፣ ለጥቂት ወር ይከፈታል። ከዚያ ትመጪብኛለሽ።

ጥገናን በተመለከተ፣ የድሮ ጊታር አንድ ትልቅ በረከት አለው፤ የተጣበቀው በቆዳ ሙጫ ነው። የቆዳ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል። ስለዚህ ጠጋኙ እንጨቱን ሳይጎዳ ፈትቶ፣ አጽድቶ መልሶ ማጣበቅ ይችላል። የሰገደ አንገትም በዚሁ መንገድ ይቃናል። መገጣጠሚያው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ አንገቱ ይወጣል፣ ተረከዙ (ከሆዷ ጋር የሚገጥመው ጫፉ) በጥንቃቄ ይሞረድና በትክክለኛው ማዕዘን ይመለሳል። ከባድና ውድ ሥራ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ ጊታሯ ሌላ ትሆናለች። የማስመሪያው ፈተና አንገቷ መስገዱን ካሳየሽ፣ ይህንን የሚያክል ወጪ ለሌላ ጊታር ከማውጣትሽ በፊት እዚህ ላይ አውጪው እላለሁ።

ጠጋኝ ስትመርጪ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «በምን ሙጫ ነው የምታጣብቀው?» መልሱ የቆዳ ሙጫ ካልሆነ ወይም ለምን እንደሆነ ካላስረዳሽ ጊታርሽን ይዘሽ ተመለሺ። ኤፖክሲ ወይም ፈጣን ሙጫ አንዴ ከገባ የሚቀጥለው ጠጋኝ እንጨት ሰብሮ ነው የሚፈታው። በእጄ ካለፉት መካከል በጣም ያሳዘኑኝ ዕድሜ የጎዳቸው አይደሉም። በቅን ልብ በተሳሳተ ሙጫ የተጠገኑት ናቸው። ሌላም አለ። ክሩን ዝቅ ለማድረግ ብሎ የብሪጁን እንጨት ልሞርደው የሚል ካጋጠመሽ እሺ አትበይ። ሳድሉን በመጠኑ መሞረድ ይቻላል፣ አጥንት በአጥንት ይተካል። ብሪጁ ግን ከሳሳ ድምፁ ይሳሳል፣ ስንጥቅም ይከተላል። ቫርኒሽ አስፍቀሽ አዲስ አታስቀቢ። ጭረቶቹ ይቆዩ። የቆዩ ስንጥቆች ከውስጥ በትንንሽ እንጨት ተይዘው ካልተንቀሳቀሱም ተዪያቸው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። እንዴት ትጫወቺባት?

እንደ ትልቅ ጊታር አትጠብቂያት። በወፍራም መምቻ አጥብቀሽ ብትመቻት ድምጿ ቶሎ ሞልቶ ይታፈናል። ጉልበት ስትጨምሪ ድምፅ አትጨምርም፣ መጮህ ብቻ ነው። በጣት ንኪያት። የጣት ሥጋና ትንሽ ጥፍር ይበቃታል። ያኔ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ተለይቶ ሲናገር ትሰሚያለሽ። የወፍራሙ ክር ድምፅ እንደ ትልቅ ጊታር አያጉረመርምም፣ አጭርና ንጹሕ ነው። መሐሉ ግን የሰው ድምፅ ይመስላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አንገቷ 12ኛው ፍሬት ላይ መገናኘቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ብሪጁ ወደ ሰፊው የሆዷ መካከል ይጠጋል፣ ፊቷም በነፃነት ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ቀዳዳው ላይ ብቻ አትምቺ። ወደ አንገቱ ጠጋ ስትይ ክብ፣ ወደ ብሪጁ ስትሄጂ ስል ይሆናል። ትንሽ ጊታር ላይ ይህ ልዩነት በጣም ይሰማል።

አንገቷ ሰፊ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የእነዚህ ጊታሮች ነት፣ ማለትም በራሷ በኩል ክሮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ፣ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 47 ወይም 48 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬዎቹ የብረት ጊታሮች 43 አካባቢ ናቸው። የአንዳንዶቹ አንገት ደግሞ ጀርባው እንደ ጀልባ ሥር ሹል ነው። መጀመሪያ ይከብዳል። አውራ ጣትሽን ከላይ ከማጠፍ ይልቅ ከአንገቱ ጀርባ አሳርፊው፣ ጊታሯንም በግራ ጭንሽ ላይ አድርገሽ አንገቷን ቀና አድርጊ። ሳምንት ሳይሞላ ጣቶችሽ ቦታቸውን ያውቃሉ። ስፋቱ ለጣት አጨዋወት የተመቸ መሆኑን ያኔ ትረጂዋለሽ።

ሌላ የማልደብቅሽ ነገር፣ የቆዩትን ክፍት ቅኝቶች ሞክሪ። ክፍት ጂ በሳሎን ዘመን የተለመደ ነበር። ስፓኒሽ ይሉት ነበር። ከሳሎን ወጥቶ የብሉዝ ተጫዋቾች እጅ ሲገባም ስሙን ይዞ ነው የሄደው። ስድስተኛውን፣ አምስተኛውንና አንደኛውን ክር አንድ አንድ ድምፅ ዝቅ ታደርጊያለሽ፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይሆናል። ምንም ሳትይዢ ስትነኪያት ሙሉ ኮርድ ትመልስልሻለች። ሦስት ክር ስለወረደም ጭነቱ ቀሏል። ጊታሯ እፎይ ያለች ያህል ፊቷ ሲያስተጋባ በደረትሽ ይሰማሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለችን ጊታር «ድምፅ የላትም» ብሎ የሚተዋት ይህን አንዴም ሳይሞክር ነው።

አዳራሽ ውስጥ ብትፈልጊያት ማይክሮፎን ፊቷ አስቀምጪ። አሜሪካዊቷ የፎክ ዘፋኝ ጆአን ባዬዝ ዝናዋን ካገኘችባቸው ጊታሮች አንዷ በ1929 የተሠራች ትንሽ ማርቲን ነበረች። ትንሽ መሆኗ ምንም አላገዳትም። ሆዷን በስታ የድምፅ መሣሪያ የሚገጥምልሽ ካለ ግን አመስግነሽ ተዪው።

አያያዙ አጭር ነው። የክፍሉ የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ መለኪያ ገዝተሽ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጪ። ከ40 በታች ወርዶ ከቆየ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ስንጥቅ ይመጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተያት፤ ያ በረከት ያልኩሽ ሙጫ እዚያ ይቀልጣል። በአልኮል አትጥረጊያት። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ የተቀቡት ሼላክ በሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ቫርኒሽ ነው፣ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። በትንሹ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ለሳምንታት የማትነኪያት ከሆነ ክሩን አንድ ሁለት ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ተያት።

ከአገር አገር ይዘሻት የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ አጣሪ። ጎኗና ጀርባዋ የብራዚል ሮዝውድ ከሆነ፣ ያ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ሥር ነው። የዝሆን ጥርስ ያላቸውም አሉ። ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ላይ ልትወረስ ትችላለች። እንጨቱን የሚለይልሽ ሰው ፈልጊ።

የሆዷን ቪዲዮ፣ የሳድሉን ፎቶና ማስመሪያው ብሪጁ ላይ የት እንደቆመ ላኪልኝ። እስከዚያ ወረቀቱ ካልገባና ማገሮቹ ካልተንቀጫቀጩ ናይለን አድርጊላትና አንድ ድምፅ ዝቅ ብለሽ ጀምሪ። አዲስ ናይለን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተለጠጠ ቅኝቱን ይጥልብሻል፣ ክሩ ነው እንጂ ጊታሯ አይደለችም። በየጊዜው መልሰሽ ቃኚና ቀጥዪ። በሳምንቱ ገደማ ይረጋል።